ሩፋኤልና የደመወዝ ጉዳይ

በኡም ጉዋይሊና ደመወዟ የተያዘባትን እኅት «ጠባቂ መልአክ አለሽ፤ ገንዘቡን ተይው» ብሎ መሸኘት መንፈሳዊነት የሚመስለው ሰው መጽሐፈ ጦቢትን ደግሞ ያንብብ። ጦብያን በመንገድ የጠበቀው ሩፋኤል የውሉን ጽሑፍ ይዞ፣ ግመሎች አስከትሎ ወደ ገባኤል ሄደ፤ በአደራ የተቀመጠውንም ብር ተረክቦ ተመለሰ። አረጋዊው ጦቢትም ሰው መስሎት ለመልአኩ የቀን ደመወዝ ተዋውሎለት ነበር! ታዲያ የሠራተኛን ዋጋ በመልአክ ስም የሚያስቀር ትምህርት ከወዴት መጣ? የመላእክትን ጥበቃ ጠቅሶ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ፈታኙ መሆኑንም አንርሳ። በኳታር ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ የሠራተኞችን ክርክር የሚመለከቱ ኮሚቴዎች አሉ። እኅታችን ውሏን ይዛ ወደዚያ ስትሄድ ከእኛ አንዱ አብሯት ይሂድ።