መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ፣ ማቆም ሌላ

ኅዳር ሲገባ ፎገራ ሜዳ ላይ የሚወራው ሁሉ ስለ ሩዝ ነው፤ ስንት ኩንታል ተገኘ፣ በስንት ይሸጣል፣ በምን ይጓጓዛል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ዘንድሮ በእኛ በቁሐር ሚካኤል ቤት ለቤት ገብታለች። ሩዙ ከአውድማ ተነሥቶ ወረታ መፈተጊያ ቤት እስኪደርስ በአህያ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ አለዚያም በኪራይ አይሱዙ ይሄዳል። አጨዳው ሲበረታ ኪራዩም አብሮ ይበረታል። ስለዚህ ወጣቶቻችን አንድ ሐሳብ አመጡ፤ ያገለገለ ፒክአፕ መግዛት፣ ከኋላው ብየዳ ቤት የተሠራ ተሳቢ መቀጠል፣ የራስን ሩዝ አድርሶ የጎረቤትንም በክፍያ ማመላለስ።

ሐሳቡ ከስልክ የመጣ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከውን ቪዲዮ ብዙ ሰው አይቶታል፤ አንድ ፒክአፕ መኝታ ቤት፣ ማዕድ ቤትና ሽንት ቤት ያለው ሙሉ ቤት ከኋላው እየጎተተ አስፋልቱን ይነጉዳል። የጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ አሳይቶኝ፣ «ሲስተር፣ ቤት የጎተተ መኪና ሩዝ ያቅተዋል? እባክዎ አባባን ያሳምኑልኝ» አለኝ። አባቱ ጥማድ በሬያቸውን ሊሸጡ ነው። እናቱ እቁባቸውን ሊያወጡ ነው። ነገሩ የመኪና ቢመስልም የቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ለልጁ የመለስኩለትን እዚህም እጽፈዋለሁ። ተመሳሳይ ምክክር የተያዘባቸው ቤቶች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁና።

በቪዲዮው የሚታየው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ያ ቤት የተያያዘው በተራ መንጠቆ አይደለም። በፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ፣ ጠፍጣፋ ወፍራም ብረት ተተክሏል። የተሳቢው አፍንጫ ከፍ ብሎ ይመጣና ወደ ታች የወጣው የብረት ካስማው እዚያ ብረት ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። አሜሪካኖች ይህን ማያያዣ «አምስተኛ ጎማ» ይሉታል። ስሙ ከፈረስ ሠረገላ ዘመን የቀረ ነው። ባለ አራት ጎማ ሠረገላ በሚታጠፍበት ጊዜ የፊት ጎማዎቹ እንዲዞሩ ከላያቸው በአግድም የሚቀመጥ ክብ ነበረ፤ አምስተኛው እሱ ነው። ወረታ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር ይዘው የሚገቡት ረጃጅም መኪኖችም የሚያያዙት በዚሁ መንገድ ነው።

ቪዲዮው የማያሳየው ግማሽ ደግሞ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ትልቅ ቤት የሚጎትቱት አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ አገር ፒክአፕ በብዙ የሚከብዱ፣ አንዳንዶቹም ከኋላ አራት ጎማ ያላቸው ፒክአፖች ናቸው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የተሳቢው ጎማዎችም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ አብረው ይይዛሉ። ከሁሉ በላይ ቤቱ ሲታይ ግዙፍ ይምሰል እንጂ ሆዱ ባዶ ነው፤ አብዛኛው አየር ነው። ሩዝ ሆዱ ባዶ አይደለም። ያንን የቤት ስፋት የሚያህል ተሳቢ በሩዝ ቢሞላ የትኛውም ፒክአፕ አያነቃንቀውም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መጎተት የሞተር ሥራ ነው። መሸከም የባሌስትራ፣ የጎማና የቴላዮ ሥራ ነው። ማቆም የፍሬን ሥራ ነው። ወጣቶቻችን የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ «ሞተሩ ጎበዝ ነው ወይ?» ይላሉ። ጎበዝ ሞተር ግን ደካማ ባሌስትራንና ደካማ ፍሬንን ይዞ ወደ ገደል መሄድ ይችላል።

ከመሸከም እንጀምር። ጋሪ የነዳ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ከፊት ይነሣና ፈረሱን ሊያንጠለጥለው ይደርሳል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ሸክሙ ፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ተሳቢም እንደዚሁ ነው። ከክብደቱ የተወሰነው ድርሻ የሚያርፈው በራሱ ጎማ ላይ ሳይሆን በሚጎትተው መኪና ላይ ነው። በተራ መንጠቆ ሲያያዝ ይህ ድርሻ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። በካሶኒው ውስጥ በሚቆለፈው በ«አምስተኛ ጎማ» ሲሆን ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ ብዙ ጊዜ 20 ግድም ይደርሳል።

በኩንታል እናስላው። ልጁ ተሳቢው ላይ 40 ኩንታል ሊጭን አስቧል፤ 4,000 ኪሎ ማለት ነው። ተሳቢው ራሱ 1,000 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 5,000 ኪሎ ይሆናል። የዚህ 20 በመቶ 1,000 ኪሎ ነው። ስለዚህ ካሶኒው ውስጥ አንድ ጆንያ ሳይገባ ፒክአፑ 10 ኩንታል ተሸክሟል ማለት ነው። እንደ ሃይሉክስ ያለው ፒክአፕ የመጫን አቅሙ እንደየዓይነቱ አንድ ቶን ግድም ነው፤ በዚያ ውስጥ ጋቢና የሚቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ሾፌሩ፣ ረዳቱና ባለ ሩዙ ሲገቡ 200 ኪሎ ግድም ይጨመራል፤ ማያያዣው ብረትም የራሱ ክብደት አለው። ጉዞው ሳይጀመር መኪናው ከአቅሙ አልፏል።

«እንግዲያውስ በተራ መንጠቆ እናያይዘዋለን» የሚል አይጠፋም። ያኔ 500 ኪሎ የሚሆነው ከኋላ ጎማ አልፎ በመኪናው ጭራ ላይ ይንጠለጠላል። ጭራው ሲወርድ አፍንጫው ይነሣል፤ የፊት ጎማዎች አስፋልቱን በደንብ ስለማይጨብጡ መሪው ይቀላል። ሌሊት ከሆነ መብራቱ ወደ ላይ ቀንቶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳል። ባሌስትራው ይረግባል። ቴላዮው ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታየው ግን ሲሰበር ነው።

ወደ ማቆም እንለፍ። ፒክአፑ ባዶውን 2 ቶን ቢሆን፣ ፍሬኑ የተሠራው ከነጭነቱ 3 ቶን ግድም እንዲያቆም ነው። እኛ ግን 7 ቶን ልናስቆመው ነው። አዲሶቹና ጉልበታሞቹ ሃይሉክሶች እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ እንዲጎትቱ አምራቹ ይፈቅዳል፤ ይህም ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ብቻ ነው። የቆዩት ሞዴሎች ከዚህ ያነሰ ነው የተፈቀደላቸው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ በብዙ አገሮች ያለው ገደብ ከነጭነቱ 750 ኪሎ ነው፤ ሰባት ኩንታል ተኩል ማለት ነው፣ ተሳቢውን ራሱን ጨምሮ። ብየዳ ቤት የሚሠራልን ተሳቢ ደግሞ ፍሬን አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፍጥነትም አለ። ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያሳደገ ሾፌር ፍሬኑ ላይ የጨመረው ሥራ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

«ፎገራ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው» ይባላል። በሙያዬ ያየሁትን ምሳሌ ልጥቀስ። ልቡ የደከመ ሰው ሜዳ ላይ ሲሄድ ጤነኛ ይመስላል፤ ቤተሰቡም ድኗል ብሎ ያስባል። ዳገት ሲጀምር ግን ትንፋሹ ይቆረጣል። ድካሙ ሜዳው ላይም ነበረ፤ ሜዳው ግን ሸፍኖት ነበር። የኛ ፒክአፕም እንዲሁ ነው። ሥራ የጀመረ መኪና ወረታ አይቆምም፤ ደብረ ታቦር ጭነት አለ ሲባል ይሄዳል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ወረታ ላይ 18፣ ደብረ ታቦር ላይ 27 በመቶ ያህሉ የለም።

ዳገቱ ግን ሞተር ያስጨንቃል እንጂ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው መመለሻው ነው። ቁልቁለቱን ሙሉ በፍሬን የወረደ መኪና ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ መያዙን ይተዋል። ከኋላ ያለው 5 ቶን ግን መግፋቱን አይተውም። ጭነቱ ወደ ኋላ የበዛበት ተሳቢ ደግሞ እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን አዙሮ ይጥለዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ተሳቢ ባለበት ከጭነቱ ላይ ሰው አይጠፋም። ሩዙን የሚጠብቀው ልጅ፣ ገበያ የምትሄደው እናት፣ ኅዳር 12 ለሚካኤል ንግሥ የሚሄደው መንደርተኛ ሁሉ ጆንያ ላይ ይወጣል። ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ቀበቶ የለውም። ተሳቢው ሲገለበጥ መጀመሪያ እሱ ይወረወራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ 100 ኪሎ የሆነው ጆንያ ይከተለዋል። የዳሌ ስብራት፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ የጣፊያና የጉበት መድማት የሚመጣው እንዲህ ነው። የውስጥ መድማት ያለበት ሰው ከላዩ ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ቆሞ ይናገራል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ከጭነት ላይ የተወረወረ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ጤና ተቋም መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ ጽፏል። ጆንያ ላይ የሚወጡት ልጆቻችን ዕድሜ ነው።

ታዲያ ልጁን ተስፋ ላስቆርጠው አልፈለግሁም። ሥራ ፈላጊ ልጅ ሐሳብ ሲያመጣ «ተው» ብቻ ብሎ መመለስ ነውር ነው። ያለ ተሳቢ ፒክአፑ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ኩንታል በሰላም ያደርሳል። 40 ኩንታሉ በአምስት ወይም በስድስት ምልልስ ያልቃል፤ ወረታም ሩቅ አይደለችም። ለብዙ ሩዝ ደግሞ አራት አምስት ቤት ተሰባስቦ ለጭነት የተሠራ አይሱዙ መከራየት ይቻላል። በወንፈል ያጨደ አገር በወንፈል ማጓጓዝ አያቅተውም። ፒክአፑ ከሩዝ ወቅት ውጪም ሥራ አለው፤ ባሌስትራውና ቴላዮው ከተረፉ።

ትንሽ ተሳቢ የግድ ነው ለሚል ቤተሰብ ደግሞ በሬው ከመሸጡ በፊት እነዚህን እንዲያይ እመክራለሁ።

ሊብሬውን አንብቡ። የመጫን አቅሙ እዚያ ተጽፏል። ሻጩ በአፉ የሚነግራችሁን ሳይሆን የተጻፈውን ያዙ። አምራቹ ለዚያ ሞዴል የፈቀደውን የመጎተት ልክም ከመመሪያ መጽሐፉ ወይም ከታወቀ ጋራዥ ጠይቁ።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን፣ የኋላ መብራት፣ አንጸባራቂና የራሱ ሰሌዳ ይኑረው። ከመንጠቆው ሌላ፣ መንጠቆው ቢከዳ የሚይዝ ወፍራም ሰንሰለትም ይታሰርለት። ማታ መንገድ ላይ ጋሪና ከብት አለ፤ መብራት የሌለው ተሳቢ ከኋላ ለሚመጣው የተዘረጋ ግድግዳ ነው።

ጆንያ ስትጭኑ ቁጠሩ። ከባዱን ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት አድርጉ፤ ወደ ኋላ አትከምሩ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ በድንጋጤ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታጣሙ። በክረምት ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ተሳቢውን ከቤት አታውጡት።

የኢንሹራንስ ውሉን ሳትፈርሙ አስነብቡ። ከአቅም በላይ ጭኖ ለደረሰ ጉዳት አልከፍልም የሚል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል። ያኔ በሬውም፣ እቁቡም፣ መኪናውም በአንድ ቀን ይሄዳሉ።

የመጨረሻው ለእናቶችና ለአባቶች ነው። ሾፌሩ ልጃችሁ ቢሆንም፣ መንገዱ አጭር ቢሆንም፣ የንግሥ ቀን ቢሆንም፣ ጭነት ላይ ሰው አታስወጡ። ሩዝ ቢበተን ተለቅሞ ይገባል።