የጋሪ ፈረሶቻችን ቆዳ ይዳሰስልን

ግልጽ ደብዳቤ ለግብርና ሚኒስቴር የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ያደግሁት ሞጆ ነው፤ በአባቴ ጋሪ። ደብተሬም ዩኒፎርሜም የተገዛው ዳማው ፈረሳችን ከንጋት እስከ ምሽት ሰውና ጤፍ፣ ሲሚንቶና ውሃ ሲጎትት ውሎ ባስገባው ገንዘብ ነው። ስለ ፈረስ ቆዳ ስጽፍላችሁ ስለ ቤተሰብ እንጀራ እየጻፍኩ እንደሆነ ከወዲሁ ተረዱልኝ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ዳማውን ሳጥበው፣ በግራ የፊት እግሩ ውስጠኛ በኩል፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ጣቴን አንድ ነገር ነካው። ሽምብራ የምታክል እብጠት ናት። ስጫናት ከቆዳው ሥር ትንሸራተታለች። ፈረሱን አላመመውም፤ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ለአባቴ ስነግረው "ዝንብ ነክሶት ይሆናል" አለኝ። ሳምንታት አልፈው ከእሷ በላይ ሌላ፣ ከዚያም በላይ ሌላ ወጣች፤ ክር ላይ እንደተሰካ መቁጠሪያ ተሰልፈው ወደ ደረቱ ወጡ። የመጀመሪያዋ ፈነዳችና ወፍራም ቢጫ መግል አወረደች፤ ዝንቡም ከእሷ ላይ አልነሣ አለ። ጎረቤት "ይተኮስ" ብሎ መከረ፤ በጋለ ብረት ተተኮሰ። ያ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ፈረሱ ግን አልዳነም። በመጨረሻ እንስሳት ክሊኒክ ሲወሰድ "ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የለንም" ተብሎ ተመለሰ። እግሩ እንደ ግንድ አብጦ መራመድ ሲያቅተው አባቴ አንድ ማታ ከከተማ አውጥቶ ለቀቀው። ያን ሌሊት ጅብ ሲጮኽ አባቴ አልተኛም።

የበሽታው ስም ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መነሻው ፈንገስ ነው፤ የሚገባውም በቁስል። ከታመመው ፈረስ የወጣ መግል በዝንብ እግር፣ በጋራ ልጓምና ጠፍር፣ ወይም ሁለት ፈረስ በተጠረገበት ጨርቅ ወደ ሌላው ፈረስ ገጣባ ይደርሳል። የጋሪ ፈረስ ደግሞ ገጣባ አያጣውም። ደረቱ ላይ የምናውለው ጠፍር በናይለን ገመድ ወይም በአሮጌ ጎማ የተሠራ ነው፤ ላብና አቧራ ሲጨመርበት ቆዳውን ይልጠዋል። በ28 ከተሞች 19 ሺህ ያህል የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከመቶው ወደ 19 የሚሆኑትን በዚህ በሽታ ተይዘው አግኝቷቸዋል። ሞጆ ክፉኛ ከተጠቁት ከተሞች አንዷ ነበረች። በእነዚያ ከተሞች በአማካይ ከአምስት ጋሪ የአንዱ ፈረስ ታሞ ነበር ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በሽታው ሲጀምር በጣት የሚገኝ መሆኑ ነው፤ ከተለመዱት የቆዳ ሕመሞችም ይለያል። እከክ የያዘው ፈረስ ግድግዳና እንጨት ላይ ይታከካል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይወፍራል። ጭርት ክብ ሆኖ ይመለጣል፣ ይቀረፍፋል፤ ወደ ነጂውም ክንድ ይተላለፋል። ተራ ገጣባ ጠፍሩ ካረፈበት ቦታ ብዙ አይርቅም፤ ፈረሱ አርፎ ቁስሉ በጨው ውሃ ከታጠበና ጠፍሩ በጨርቅ ከተሸፈነ ይድናል። ይህኛው ግን አያሳክክም፤ ጠጠር ብሎ በመስመር ይሄዳል። ይህን ልዩነት ማንኛውም ባለጋሪ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ሰውንም የሚይዘው ግላንደርስ የሚባለው አደገኛ በሽታ ተመሳሳይ ቁስል ስለሚያወጣ፣ መግሉን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ቁርጡን የሚያውቀው ከመግሉ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ነው።

ሕክምናውም አለ። እብጠቶቹ ጥቂት ሳሉ በአፍ የሚሰጥ ፖታሲየም አዮዳይድ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ከተሰጠ፣ የፈነዱትም በአዮዲን ከተጠረጉ ብዙ ፈረስ ይተርፋል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም መሆን አለበት፤ ሲበዛ ፈረሱ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ቆዳው ፎረፎር ያራግፋል፣ መኖ ይጠላል፤ ላረገዘች ባዝራም አይመከርም። በሽታው እግሩን ሁሉ ከወረሰ በኋላ ግን ማዳን በጣም ከባድ ነው። ክትባት በአገራችን የለውም፤ ስለዚህ ያለን ነገር ቶሎ ማወቅና ቶሎ ማከም ብቻ ነው።

ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው ቢሾፍቱ ነው፤ ለአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ከሞጆ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ያን መንገድ ዕውቀቱ እንዲሻገረው የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

የምጠይቃችሁ የሚከብዳችሁ አይመስለኝም። ጋሪ በሚበዛባቸው ከተሞች ያሉ ክሊኒኮች ፖታሲየም አዮዳይድና አዮዲን እንዳያልቅባቸው፣ ዋጋውም ባለጋሪ በቀን ገቢው የሚችለው እንዲሆን አድርጉ። ለጋሪ ታርጋ የሚሰጡ ከተማ አስተዳደሮች ሲያድሱ የፈረሱም ቆዳ በባለሙያ እንዲዳሰስ ከእነሱ ጋር ተስማሙ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የታመመ የተገኘበት ባለጋሪ ታርጋውን ቢነጠቅ ሁሉም ፈረሱን ይደብቃል። ስለዚህ ምርመራው ለቅጣት ሳይሆን ለሕክምና ይሁን፤ ፈረሱ እስኪያገግም ባለጋሪው የሚተነፍስበት ብድር ቢመቻችለትማ እንዴት ባማረ። ሊድን ለማይችለው ፈረስም ሳይሰቃይ የሚያርፍበትና በወጉ የሚቀበርበት መንገድ ይኑር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሌላ መንገድ የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው ፈረሱን ለጅብ የለቀቀው።

የኢትዮጵያ ሰው መሪዎቹን በፈረሳቸው ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ብሏል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ስናይ እንኮራለን። ስም ያልወጣለትን፣ ሲሚንቶ የሚጎትተውንም ፈረስ አስቡልኝ።

ከሞጆ ጋሪ ማቆሚያ ጀምሩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፈረሶቹ ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የባለጋሪ ልጅ