አሮጌው የዶሮ ሣጥን

በጓሮው አራት አምስት ዶሮ አርብቶ ከወር ደመወዙ ላይ የዕንቁላሉን ወጪ ሊቀንስ ያሰበ ወጣት ሠራተኛ ዛሬ ብዙ ነው። ዶሮዎቹ ከተገዙ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ የት ይጥሉ የሚለው ነው። ለእናቶቻችን ጭድ የተነጠፈበት እንቅብ ይበቃቸው ነበር፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን በምናለሽ ተራ ወይም በሌላ የአሮጌ ብረት ገበያ፣ በየክፍሉ የተከፋፈለ የላሜራ ዕንቁላል መጣያ ሣጥን በርካሽ ያገኘ ሰው፣ ዝገቱን አይቶ ልግዛው ወይስ ልተወው እያለ ያመነታል።

ዝገቱን ብቻ አይቶ መሸሽ አይገባም። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮም ብረት ነው፤ ዕድሜ የሚሰጠው በላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው። ዚንኩ ለብረቱ ቤዛ ሆኖ አስቀድሞ ይበላል፤ እርሱ ሲያልቅ ቀዩ ዝገት ይጀምራል። በዶሮ ሣጥን ላይ ጉዳቱ ከወለሉ የሚነሣበት ምክንያት አለው፤ እርጥብ ኩስ አሞኒያ ስለሚያወጣ ዚንኩን ቶሎ ይበላዋል። እንግዲህ ገዢው ካቻቪቴ ይዞ ወለሉን ጫን ጫን ያድርግ። ካቻቪቴው ከበሳው ሣጥኑን ለነጋዴው ይተውለት። ጠንካራ ከሆነና የሻከረው ፊቱ ብቻ ከሆነ ግን ይድናል።

ከዝገቱ ይልቅ የሚያስፈራው አሮጌ ቀለም ነው። በቀድሞ ዘመን ብረት ከዝገት እንዲድን የሚቀባው ብርቱካን መሰል ቀይ ቀለም የተሠራው ከእርሳስ ነበር። (ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ በስም ብቻ ነው እርሳስ፤ ውስጡ ያለው ግራፋይት ነው።) ዶሮ የተቀረፈ ቀለም ለቅማ ትውጣለች፤ እርሳሱም በደሟ አልፎ ወደ ዕንቁላሉ አስኳል ይገባል። ያን አስኳል የሚበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ሕፃን ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አሮጌው ሣጥን ግን መቼ እንደ ተቀባ ማን ያውቃል? ስለዚህ ቀለሙ ያረጀና የሚቀረፍ ሣጥን በነፃ ቢሰጥ እንኳ አይወሰድ። ልፋቀው ማለትም አይበጅም፤ ብናኙን የሚተነፍሰው ፋቂው ራሱ ነውና።

ሁለተኛው ጠላት በላሜራው እጥፋትና መጋጠሚያ ይሸሸጋል፤ ሌሊት ወጥቶ የዶሮዎቹን ደም የሚጠጣው ቀይ ቅንቅን ነው። ሳይበላ ብዙ ወራት ስለሚቆይ፣ ሣጥኑ ባዶውን ከርሟል ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዶች በእሳት ይለበልቡታል። ይህ አደገኛ ነው፤ ዚንክ በብርቱ ሲግል የሚወጣው ጢስ ሰውን ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል። የፈላ ውሃ ስንጥቁን እየተከተሉ ማፍሰስ ይሻላል። ሙቀት ከተመቸው ቅንቅኑ ተፈልፍሎ እስኪጎለምስ የሚፈጅበት አንድ ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ በ7ኛው ቀን ይደገማል።

የቀረው የጉልበት ሥራ ነው። ቀለም የሌለበትን ዝገት በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፤ አፍንጫና አፍን መሸፈን አይረሳም። ግትር ዝገት በአቼቶ የተነከረ ጨርቅ ጥቂት ሰዓት ቢጫንበት ይለቃል፤ ነገር ግን አቼቶ ዚንክንም ስለሚበላ ደህናው ቦታ ላይ አይደረግ። በሳሙና ውሃ ታጥቦ ያን ቀን በፀሐይ ይድረቅ፤ እርጥብ ያደረ ብረት በማግስቱ ቀልቶ ይገኛል። እርሳስ የሌለበት አንቲ ረስት ሁለት ጊዜ ከተቀባ በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ይቆይ፤ የዶሮ ሳንባ ስስ ነው።

አንዱ ክፍል በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከሆነ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮዎች ይበቃል። ባዶ ላሜራ ላይ የወደቀ ዕንቁላል ስለሚሰነጠቅ ከታች ጣውላ፣ ከላዩም ወፍራም ጭድ ይደረግ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ዶሮዎቹ ሰፍረው ያድሩበታል፤ ስለዚህ ዘመም ያለ ቆርቆሮ ይደረብበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ገብተው እንዳያድሩና እንዳያበላሹት አፉ ሲመሽ ይዘጋ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጥሉት ከረፋዱ በፊት ነውና ጎሕ ሲቀድ ይከፈትላቸው።