ኮሶ ከየት ይመጣል?

ስለ ኮሶ በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን ነውር ሳይመስላቸው አይቀርም። ነገር ግን አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣትን እንጂ ትሉ ከየት እንደሚመጣ መመርመርን ልማድ አላደረጉትም ነበርና ነገሩን ገልጠን ልንጽፍ ወደድን። በዚያ ዘመን «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለስ ነበር፤ ያልጠጣም ሰው በዚህ ምክንያት ሳይጠቀምበት አልቀረም።

ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ነው። ሰውነቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ ቁራጮች የተቀጣጠለ ነው፤ የበሰለው አንዱ ቁራጭም እስከ 100,000 እንቁላል ይዞ ይወጣል። ሰው በሜዳ የተጸዳዳ እንደ ሆነ እንቁላሉ በሣር ላይ ይቀርና በሬ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ከዚያ በደም ሥር ወደ ሥጋው ገብቶ በ10 ወይም በ12 ሳምንት አተር የምታህል ውሃ ያዘለች ከረጢት ይሆናል። ያችን ከረጢት በጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ቁራጩን ያያል። የጀርመኑ ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቁራጮቹን ለጥጆች አብልቶ ከረጢቶቹን በሥጋቸው ውስጥ አግኝቷል። እንግዲህ በሬው ኮሶን የሚቀበለው ከእኛው ነው።

የኮሶ አበባ፣ መተሬና እንቆቆ ትሉን ያስወጣሉ፤ ነገር ግን ራሱ በአንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ እንደ ገና ያድጋል። ኮሶ ከልክ ካለፈ ዓይንን ይጎዳል፤ እርጉዝ ሴት ከቶ ልትጠጣው አይገባም። ዛሬ ሐኪሞች ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በሰውየው ክብደት መጥነው ይሰጣሉ።

ሚጥሚጣና አዋዜ፣ ከበላም በኋላ የሚጠጣው አረቄ ከረጢቷን አይገድሏትም፤ ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም አያስተማምንም። ሥጋው እስከ ውስጡ ድረስ በደንብ ሊበስል፣ አለዚያም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከ10 ቀን ያላነሰ ሊቀመጥ ይገባል። ለቤቱ ጌታ መጸዳጃ ተሠርቶ እረኛው ወደ መስኩ የሚሄድ ከሆነ ግን የወጥ ቤቱ ጥንቃቄ እኩሌታው ከንቱ ይሆናል።

በበግ ጉበት ውስጥ የሚታየው ቅጠል መሳይ ትል ሌላ ነው። ሰውን የሚይዘው በረግረግ ውሃ ዳር የበቀለ ቅጠል በጥሬው ሲበላ ነውና ስለ እርሱ በሌላ ቀን እንጽፋለን።