የእጅ ፍጥነትና የዓይን ትዕግሥት

ስለ ሥዕል በወጣቶቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «ሥዕል የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ያልተሰጠው ሰው ቢደክም ከንቱ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሥዕል በልክና በማስመሪያ የሚሠራ ነው፤ እጅ እንዲያው የጫረው መስመር ዋጋ የለውም» ይላል። ሁለቱ ወገኖች ባይስማሙም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ብዙውን ሰው እርሳሱን ያስጥሉታል።

ይህን ክርክር ለመፍረድ አንድ የታወቀ ሠዓሊ ምስክር እንጥራ፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። ፈረንሳዊው ሄንሪ ማቲስ (1869–1954) የሴት ፊት ወይም የዛፍ ቅጠል በጥቂት መስመሮች ብቻ ይሥል ነበር። መስመሩ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ስለ ሆነ፣ የሚመለከተው ሰው «ይህንማ ሕፃንም ይሥለዋል» ለማለት ይቃጣዋል። ነገር ግን በ1943 የታተመውና 158 ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፉ ምስጢሩን ይገልጥልናል። ሠዓሊው አስቀድሞ በከሰል እየሣለ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየሣለ የፊቱን ነገር በትዕግሥት ያጠናል። ዓይኑ ከጠገበ በኋላ ከሰሉን ትቶ ብዕር ወይም እርሳስ ያነሣል። ያን ጊዜ እጁ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሄዳል፤ ከአንዱ ጥናትም ብዙ ሥዕሎች ተከታትለው ይወለዳሉ።

በ1946 ደግሞ ፍራንስዋ ካምፖ የተባለ ሰው ማቲስን በሥራው ላይ ሳለ ፊልም አንሥቶት ነበር። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እጁ በቅጽበት የሚወርድ ይመስላል። ፊልሙ በዝግታ ሲታይ ግን፣ እጁ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት በአየር ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ መንገዱን ይፈልጋል። እንግዲህ ድንገተኛ የምንለው መስመር ምክር የሌለው መስመር አይደለም፤ ምክሩን የመከረው እጅ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ግሡንና አገባቡን ብዙ ዘመን ይማራል። የበሰለው ባለ ቅኔ ግን ቆሞ ሲዘርፍ ሕጉን አንድ በአንድ እያነሣ አይመረምርም። ሕጉ ጠፍቶበት አይደለም፤ ተዋሕዶት እንጂ።

በክፍል ውስጥ ዘወትር የምናየው ተማሪ የሁለቱንም ተቃራኒ ያደርጋል። ጀበና ሣል ቢሉት አንድ መስመር ይሠምርና ወዲያው ላጲሱን ያነሣል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ ጀበናው አይመለስም፤ በወረቀቱና በስሕተቱ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ በደብዳቤና በመዝገብ መካከል የሚውለው ወጣት ሠራተኛም ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ስሕተት እንዳይገኝበት ሲጠነቀቅ፣ ከፊቱ ያለውን ነገር በገዛ ዓይኑ ማየት ይተዋል። ከሥዕሉ መበላሸት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አሜሪካዊው የሥዕል መምህር ኪሞን ኒኮላይዲስ፣ ከሞተ በኋላ በ1941 በታተመው መጽሐፉ ሁለት ልምምዶች አስተምሯል። በመጀመሪያው፣ ወረቀቱን ሳታይ ዓይንህን በዕቃው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለህ ታስኬዳለህ፤ እርሳስህም አብሮ ይሄዳል። በሁለተኛው፣ አንድ ሰው ምን እንደሚመስል ሳይሆን ምን በማድረግ ላይ እንዳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትሥላለህ። አንደኛው ዓይንን ትዕግሥት፣ ሁለተኛው እጅን ድፍረት ያስተምራል።

ስለዚህ፣ ወዳጄ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ላጲስህን በመሳቢያ ውስጥ ቈልፍበት። የቤትህን ጀበና ከፊትህ አስቀምጥና ዐሥር ጊዜ ሣለው። ዘጠኙ ባያምሩ አትዘን፤ ለዐሥረኛው የተከፈለ ዋጋ ናቸው።