ዝናብ ሲመጣ ቁም ይሉናል፤ የት እንቁም?

ለሞተረኛ የሚሰጠው የክረምት ምክር ሁልጊዜም አንድ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ቁም። ምክሩ ትክክል ነው። በበጋ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከመጀመሪያው ካፊያ ጋር ሲቀላቀል መንገዱ ያሟልጫል። ዝናቡ በርትቶ እስኪያጥበው ድረስ ያሉት ደቂቃዎች ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ባለ ሁለት ጎማ መንገድ ላይ ባይገኝ ይመረጣል። ምክሩን ለሚሰጡን ሁሉ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የት እንቁም?

በሙያዬ የግንባታ ፎርማን ነኝ። ክረምት ሲገባ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ሞተሬን አስነስቼ አገር ማየት ልማዴ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከአዳማ ተነስቼ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ሮቤ ተጓዝኩ። ያንን መንገድ ያላየ ሰው ቢያየው እወዳለሁ። ግራ ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው፤ ከማሳው በላይ ጭላሎና ካካ ደመና ለብሰው ይታያሉ። ዲንሾ ሲደርሱ ደግሞ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአስፋልቱ ዳር ይጀምራል፤ የደጋ አጋዘን ሲግጥ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል።

ከአዳማ እስከ በቆጂ ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጨምራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ መስኮት ከመዝጋት ያለፈ ጉዳይ አይደለም። ሞተር ላይ ያለ ሰው ግን ልብሱ ከራሰ በኋላ ነፋሱ አጥንቱ ድረስ ይዘልቃል። መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፤ ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚያዘው ደግሞ በጣት ነው። ከዚያ የሄልሜቱ መስታወት ከውስጥ በትንፋሽ፣ ከውጭ በውሃ ይጋረዳል። ከፍ ቢያደርጉት ዝናቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ዝቅ ቢያደርጉት መንገዱ አይታይም።

በቆጂን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ዶፉ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ከመንገዱ ዳር የነበረው ብቸኛ ጣሪያ የአንድ እህል ወፍጮ ቤት ነበር፤ በሩ ተቆልፏል። ከግድግዳው ወጣ ያለው ክፈፍ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ከሥሩ ጋቢ የተከናነቡ አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት እናቶችና በጎቹን ያስጠጋ አንድ ልጅም አሉ። አዛውንቱ ሲያዩኝ የፈረሱን ልጓም ሳብ አድርገው ወደ ዝናቡ አወጡትና በእሱ ቦታ «ና ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። «አባቴ፣ ፈረሱ ይበርደዋል» ብላቸው «እሱ ለምዶታል፣ አንተ ግባ» ብለው መለሱልኝ። በረዶው የፈረሱን ጀርባ ሲደበድበው እያየሁ ቆምኩ። እንስሳው ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

ከእናቶቹ አንዷ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ፣ በላዩ ላስቲክ አልብሳ በደረቷ ይዛዋለች። ገዢ አጥታ የምትመልሰው ነበር። በየገበያው ቀን እዚያው ክፈፍ ሥር እንደሚጠለሉ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ መንደራቸው ሌላ ጣሪያ እንደሌለ ነገረችኝ። ይህን እያወራን አንድ አይሱዙ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ። አስፋልቱ ዳር የተጠራቀመውን ቀይ ውሃ ሁላችንም ላይ ደፋው። ልጁ በጎቹን፣ ሴትየዋ ቅቤዋን ለማዳን ተጣደፉ። አሽከርካሪዎች ሆይ፣ በዝናብ ጊዜ መንገድ ዳር ሰው ስታዩ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ። የሚያዘገያችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን አሁንም አምናለሁ። የሀገራችን መንገድ የተሠራው ጣሪያውን ይዞ ለሚሄድ ብቻ ነው። መንገዱን አብዝቶ የሚጠቀመው ግን ጣሪያ የሌለው ነው፤ እግረኛው፣ ባለፈረሱ፣ አህያ ነጂው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪ፣ ሞተረኛው። ዶፍ ሲይዛቸው ያላቸው ምርጫ ዛፍ ብቻ ነው። በክረምት ዛፍ ሥር መቆም መብረቅን መጥራት መሆኑን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ የሚቆመው ሌላ ስለሌለው ነው።

በተለይ ሞተረኛውን ማንም አስቦት አያውቅም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከገደበች ወዲህ ስለ ሞተር የሚነሳው ወሬ ሁሉ ስለ ቁጥጥር ነው። ከከተማ ውጭ ያለው ሞተረኛ ግን ጤና ባለሙያ ነው፣ የግብርና ሠራተኛ ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ወላድ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ የመንደር ወጣት ነው። ቤንዚን በሞላ ቁጥር ለመንገድ ይከፍላል፤ የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥገና የሚውል ገንዘብ ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል።

ስለ ጣሪያ ስናገር ከሥራዬ ተነስቼ ነው። መንገድ ሲሠራ ተቋራጩ በመጀመሪያ የሚተክለው ካምፕ ነው። ለሲሚንቶው መጋዘን፣ ለጥበቃው ቤት፣ ለጄኔሬተሩ መከለያ ይሠራል። ሲሚንቶ ዝናብ ከነካው ይበላሻልና ጣሪያ ሳይኖረው አንድ ሌሊት አያድርም። ሥራው ሲያልቅ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ ሞራሌው ተጭኖ ይሄዳል። ለአካባቢው የሚቀረው ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ነው፤ እሱም ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይቋጥራል። ያ ቆርቆሮ ለምን እዚያው አይቀርም?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አራት በስድስት ሜትር የሆነ፣ በመንገዱ በኩል ግድግዳ የሌለው መጠለያ ነው። ስድስት ምሰሶ፣ ጥቂት ሞራሌ፣ ሃያ ቆርቆሮና ከድንጋይ የተገነባ መቀመጫ ይበቃዋል። ዕቃው ከቀረበ ሦስት ሰው በሁለት ቀን ያቆመዋል። ቦታው ኩርባ ላይ መሆን የለበትም፤ ከረጅም ቁልቁለት በፊት፣ ዳገት አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን፣ የገበያ መንገድ አስፋልቱን የሚያቋርጥበት ጋ ይሁን። ከፊቱ ሞተርም ፈረስም የሚቆምበት ጠጠር የፈሰሰበት ስፋት ይኑረው። በጀርባው የውሃ መውረጃ ቦይ ካልተቆፈረለት ግን ሁለተኛውን ክረምት አያይም። ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ይህን ሐሳብ ያካፈልኳቸው የሙያ ጓደኞቼ ቆርቆሮው ይሰረቃል፣ ቤቱ መጸዳጃ ይሆናል ይላሉ። ጠባቂ የሌለው ነገር እንደዚያ እንደሚሆን እኔም አይቻለሁ። መፍትሔው ግን አለመሥራት አይደለም። ቀበሌው ከመጠለያው ጥግ ላይ ጀበና ጥዳ ቡና ለምትሸጥ አንዲት ሴት ቦታ ይስጣት፣ በምትኩ ቤቱን ትጥረግ፣ ትጠብቅ። ዝናብ ያቆመው መንገደኛ ቡና ይጠጣል። እሷም ከዝናቡ ትጠቀማለች፣ ቆርቆሮውም ባለቤት ያገኛል።

ሽማግሌዎቻችን ዛሬም «አውራ ጎዳና» የሚሉት፣ በ1943 ዓ.ም. የተመሠረተው መሥሪያ ቤት አሁን የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይባላል። ከአሁን በኋላ በሚፈራረመው የግንባታና የጥገና ውል ውስጥ ተቋራጩ ካምፑን ሲያነሳ መጠለያዎች ሠርቶ እንዲያስረክብ የሚያስገድድ አንቀጽ ያስገባ። ወረዳዎችም ያንን ውል መጠበቅ የለባቸውም። ከአዳማ እስከ ሮቤ ባለው መንገድ ላይ ያለ የትኛውም ወረዳ ቦታውን ካሳየኝና ዕቃውን ካቀረበ፣ የመጀመሪያውን መጠለያ ያለ ክፍያ ሠርቼ አስረክባለሁ።