ለበዓል ለስላሳ በሳጥን መሸከም ቢቀርስ?

ፋሲካ ሲደርስ ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ወደ ደባርቅና ዳባት የሚገባ ልጅ ባዶ እጁን አይገባም። ድሮ የሚያዘው ቡና ነበር። አሁን አንድ ሳጥን ለስላሳና ክሬም የተቀባ ኬክ ሆኗል፤ ኬኩ እንዳይጨፈለቅ ሊማሊሞን ሊወርድ ይመስል ጭናችን ላይ ታቅፈነው እንጓዛለን። ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ደግሞ «ያንተ ይኸውልህ» ተብሎ ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቀርብለታል።

እኔ በዚች ሳህን አልስማማም። በበዓል ቀን ሰውን ከማዕድ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ማዕዱን ለሁላችንም መቀየር ይሻላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ከባድም አይደለም።

አጎቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ዳገት የማይበግረው። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች እሱን ሲያዩ ግራ ይገባቸዋል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። በጎንደር የሚታከሙ የገጠር ሰዎችን ያጠኑ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሃና ወንዶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ነገሩ ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠይቀው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ እንዲህ ያለውን ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። ክርክሩ በባለሙያዎች መካከል ገና አላለቀም።

ይህ ለበዓል ምን ይረባናል? ብዙ ይረባናል። ስኳር ያለበትን ሰው ሁሉ «አትብላ፣ ተው፣ ይቅርብህ» ማለት ቀጭኑን ሰው የበለጠ ማክሳት ነው። አጎቴ መብላት አለበት፤ ያውም በሰዓቱ። መቅረት ያለበት ምግቡ ሳይሆን የሚጠጣው ስኳር ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አንድ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም ያህል ባያልፍ ይመረጣል ይላል፤ ይህ ለጤነኛውም ነው። እናንተ ሁለተኛውን ጠርሙስ ስትከፍቱ ቁጥሩ ለእናንተም ይቆጥራል።

«እሺ፣ ለስላሳው ይቅር፣ ብርዝ እንስጠው፤ ማር እኮ መድኃኒት ነው» የሚል አይጠፋም። ይሄን ክርክር በየበዓሉ እሰማዋለሁ። ከማር አምስት እጅ አራቱ ያው ስኳር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። ከደገኛ አበባ የተቀሰመ ነጭ ማር መሆኑ ደም ውስጥ ሲገባ ለውጥ የለውም። ጣዕሙን ግን አልክድም።

ታዲያ ምን ይቅረብ? አገሩ የገብስ አገር ነው። ድፎ ዳቦ ላይ ስኳርና ዘቢብ መጨመር የከተማ አመጣሽ ነው፤ እኛ ቤት ግማሹ የገብስ ዱቄት ሆኖ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበት ይጋገራል፤ ያለ ስኳር ይጣፍጣል። በሶውም በማር ፈንታ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፤ ቅቤ ጠብ ሲደረግበት ኬኩን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ተልባ በጨው ይበጠበጣል። ቡናውን በጤና አዳም የሚጠጣ ሰው ደግሞ ስኳሩን ከእነመኖሩ ይረሳዋል። የገብስ ቆሎ ከደቀቀው ዱቄት ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ለቡና ቁርስ ጥሩ ነው። ይህን ስል ግን «ገብስ ስለሆነ እንደልቡ ይብላ» ማለቴ አይደለም፤ ዳቦም እንጀራም ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ መጠን አለው።

ጉርሻውስ? «አፈር ስሆን!»፣ «በሞቴ!» ሲባል እምቢ ማለት ለእንግዳም ለዘመድም ከባድ ነው። ስለዚህ እምቢ አታስብሉት። ከዶሮው ሥጋና ከእንቁላሉ አጉርሱት፣ እንጀራውን ቀነስ አድርጉ፤ በቃ፣ ወጉም ቀረ አይባል፣ ሰውየውም አይጎዳ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይያዝልኝ። ኢንሱሊን የወጋ ሰው ምግብ ከዘገየበት፣ ወይም በባዶ ሆዱ ጠላና ኮረፌ ከደጋገመ፣ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። መጠጡ ከሰዓታት በኋላም ሊያወርደው ይችላል። ቅዳሴ አድሮ ሌሊት የሚፈታ ጾም ደግሞ ሰዓቱን ሁሉ ያዛባዋል፤ የመርፌውን መጠንና ሰዓት ከበዓሉ በፊት ከሚያክመው ሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ «ሰከረ» ብላችሁ አታስተኙት። መዋጥ የሚችል ከሆነ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወዲያው ይጠጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ስለዚህ ለስላሳ ጨርሶ አይግባ አላልኩም። አንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ። የተቀረው የሳጥኑና የኬኩ ገንዘብ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ባለው ሰው ቤት የመለኪያ ወረቀት ይገዛል፤ እሱ አልቆባቸው ሳይለኩ የሚሰነብቱ ሰዎች አሉ። ከመሳፈራችሁ በፊት ደውሉና የመሣሪያውን ስም ጠይቁ፤ የአንዱ ወረቀት ለሌላው አይሠራም።